በቢላ ወይስ በመጥረቢያ? ማገዶ ሲፈለጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደሴ ላይ ለአንድ ጀበና ስንጣሪ የሚያዘጋጀውም፣ ደላንታ ላይ የዓመት ማገዶ የሚከምረውም «እንጨት ልፈልጥ ነው» ብለው ይነሳሉ። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ከክንድ የማይወፍር ደረቅ ፍልጥ ይዞ ጣት የሚያክል ስንጣሪ ያወጣል፤ ሌላው ጭን የሚያክል ጉማጅ አቁሞ ለሁለት ይከፍላል። ለመጀመሪያው ወፍራም ቢላ ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል። ለሁለተኛው ከመጥረቢያ ሌላ የሚሆን የለም። ቢላ የሚሰበረው፣ ስለት የሚሸረፈው፣ ጣት የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ መሣሪያ የሌላውን ሥራ ሲይዝ ነው።

ሽንኩርት የሚከትፈውን ቢላ ማንሳት

የወጥ ቤት ቢላ ጀርባው ብዙ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብረቱም እጀታው ውስጥ ጥቂት ገባ ብሎ ይቆማል። ከላይ ሲመታ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት አንገት ላይ ስለሆነ እዚያው ቀንጠስ ይላል። ሰንጢ ደግሞ የባሰ ነው፤ ማጠፊያው ሲላላ ስለቱ ወደ ጣት ይዘጋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጀርባው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ብረቱ አንድ ወጥ ሆኖ እስከ እጀታው ጫፍ የሚደርስ ቢላ ነው። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ቢላ ይህን ውፍረት አያጣም። ሲገዙ እጀታውን ገልብጠው ይዩት፤ በሁለቱ እንጨት መካከል ብረቱ እስከ መጨረሻው ከታየ ደህና ነው። ካልታየ ለሥጋ ይሁን።

ከስለቱ የሰፋ እንጨት መያዝ

ልኩ ቀላል ነው፦ ከስለቱ ርዝመት ላይ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ጣት ያህል ይቀነስ፤ የቀረው የሚፈለጠው እንጨት የመጨረሻ ውፍረት ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው ቢላ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይፈልጣል፤ ከዚያ በላይ የመጥረቢያ ድርሻ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ይታያል። ፍልጡ ጉቶ ላይ ይቆማል። ቢላው አናቱ ላይ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል፤ እጀታው ከወዲህ፣ ጫፉ ከወዲያ። መጀመሪያ ከእንጨቱ በላይ ያለው የቢላው ጀርባ ሁለት ጊዜ ቀስ ተደርጎ ይመታል። ስለቱ ነክሶ ሲይዝ ምቱ ይጠነክራል። ጀርባው እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ ሲጠፋ ለምቱ የሚቀረው ማዶ የወጣው ያ 4 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉም ከሰመጠ ቢላው ተቀብሯል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያደርገው እጀታውን ግራና ቀኝ መወዝወዝ ነው፣ ቢላውም የሚሰበረው ያኔ ነው። የተቀበረ ቢላ የሚወጣው ከሥሩ በተከፈተው ስንጥቅ ውስጥ ሌላ ሹል እንጨት እንደ ሽብልቅ ሲገባ ነው።

ሌላም አለ። ጫፉ ሲመታ እጀታው ወደ ላይ ሊነሳ ይሞክራል። ምት ባረፈ ቁጥር እጀታውን በመጠኑ ወደ ታች መጫን ያስፈልጋል፤ ስለቱ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ መውረድ አለበት። አንድ ወገን ብቻ ከሰመጠ ፍልጡ ሰያፍ ይሄዳል፣ ቢላውም ይጠመዘዛል።

በድንጋይ ወይም በማርቴሎ መምታት

ብረት በብረት ሲመታ የቢላው ጀርባ ይነጠፋል፣ ፍንጣሪውም ወደ ዓይን ይሄዳል። ድንጋይ እንደዚያው ነው። የሚመታው በእንጨት ነው፤ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለው፣ እጅ ሞልቶ የሚይዘው ዱላ። ከባድ መሆን የለበትም። ቢላው በአምስት ስድስት ምት ካልሄደ ሥራው የቢላ አይደለም ማለት ነው፤ ዱላውን ከማክበድ እንጨቱን ለመጥረቢያ መተው።

መጥረቢያም ላይ ተመሳሳይ ጥፋት ይሠራል። ጉማጁ ውስጥ የተሰነቀረን መጥረቢያ ከጀርባው በትልቅ መዶሻ መጨፍጨፍ የመጥረቢያውን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ዛቢያ አጥብቆ አይዝም። መዶሻ የተሠራው ለሽብልቅ ነው። የወይራ ሽብልቅ ከተሠራ ደግሞ ለብዙው ጉማጅ ይበቃል፣ የሚመታውም በእንጨት ስለሆነ ፍንጣሪ የለውም።

እንጨቱን ሳያውቁ ጉልበት መጨረስ

ብዙ ላብ በከንቱ የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው እንጨት ሁሉ ሲደርቅ ይቀላል ብሎ ያስባል፤ ለባሕር ዛፍ ተቃራኒው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ደጋው ላይ ከሁሉ የበዛ ማገዶ ቢሆንም፣ ክሩ እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው። እርጥብ ሆኖ በተቆረጠ በቀናት ውስጥ ከተፈለጠ አንድ ሁለት ምት ይበቃዋል። ልጡ እንዳለ ለወራት ቆይቶ ከደረቀ ግን መጥረቢያ ያነጥራል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ እርጥቡን ይፈለጣል፣ ተፈልጦ ይደርቃል።

ጥድ ጨዋ ነው። ክሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ደረቁ በቢላ እንኳ እንደ ሸንበቆ ይከፈታል። ለእሳት ማያያዣ የሚወዳደረው የለም፤ ሲነድ ፍንጣሪ ስለሚረጭ ግን ከቡና ረከቦቱና ከተነጠፈው ቄጤማ ራቅ ቢል ይመረጣል። ወይራ ጠጣርና ጠማማ ነው፤ ቀጥ ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ ነው በቢላ የሚሞክሩት፣ ግንዱን በመጥረቢያና በሽብልቅ። ከከሚሴና ከባቲ ወገን የሚመጣ ደረቅ ግራር ስለት ይመልሳል፤ ቢላ እንዳይሞክሩበት።

(ጥድና ወይራ ስንል ከግቢ የተመለመለውንና ገበያ የሚወጣውን ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ እንዳለው የጎፍ ተራራ ያለው ደን ጥብቅ ነው፤ ለማገዶ አይነካም።)

መሐሉን መምታት፣ ጉጡን አለማየት

ጉማጁ እንደቆመ ወዲያው መጥረቢያ አይነሳም። መጀመሪያ አናቱ ይታያል። ሲደርቅ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጫጭን ስንጥቆች ይኖሩታል፤ እንጨቱ ራሱ የት እንደሚከፈት የሚናገረው በእነሱ ነው። ስለቱ በአንዱ ስንጥቅ መስመር ላይ መውደቅ አለበት። ቀጥሎ ጎኑ ይዞራል። ጉጥ ካለበት ጉጡ የቅርንጫፍ ሥር ነው፤ ክሩ እዚያ ይጠመዘዛል። መስመሩ ጉጡን በጎን አልፎ እንዲሄድ ጉማጁን ማዞር፣ ወይም ገልብጦ ጉጡ ያለበትን ወገን ወደ ታች ማድረግ ነው።

ውፍረቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ጉማጅ መሐሉ ቢመታ መጥረቢያውን ነክሶ ያስቀራል። እንዲህ ያለው ከዳር ይጀመራል፤ ከጠርዙ አራት አምስት ጣት ገባ ብሎ እየተዞረ እንደ ዳቦ ቁራሽ ይነሳል። መሐሉ ሲቀንስ ያኔ ለሁለት ይከፈላል።

በቢላ ሲሆን ጉጥ ጭራሽ አይነካም። ጉጥ ላይ የገባ ቢላ ስለቱ በጨረቃ ቅርጽ ተሸርፎ ይወጣል።

ለመቁረጥ የተሳለውን መጥረቢያ ለመፍለጥ ማዋል

ዛፍ የሚጥለው መጥረቢያ ጉንጩ የሳሳ ነው፤ ክር ለመቁረጥ የተሠራ ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፣ ግን አይከፍትም። የሚፈልጠው ከስለቱ ወዲያው እየወፈረ የሚሄድ፣ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ ዛቢያውም ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር። ቤት ያለው አንዱ ሳስቶ የተሳለው ብቻ ከሆነ ስለቱ ሊያርፍ ሲል እጅን ትንሽ ጠምዘዝ ማድረግ ይረዳል፤ ጉንጩ እንጨቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ይህ ግን ልምድ ይጠይቃል።

በቢላውና በትልቁ መጥረቢያ መካከል ያለው፣ ሰው የሚረሳው፣ ከ600 እስከ 800 ግራም የምትመዝነው ባለ አጭር ዛቢያ መጥረቢያ ናት። ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላለው ፍልጥ እሷን የሚያክል የለም። አያያዟ ግን ይለያል። እንጨቱን በአንድ እጅ አቁሞ በሌላው መምታት የአውራ ጣት መቅጫ ነው። ይልቅ ስለቷን እንጨቱ አናት ላይ አስነክሶ፣ እንጨቱንና መጥረቢያዋን አንድ ላይ አንስቶ፣ አንድ ላይ ጉቶው ላይ ማሳረፍ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይከፈታል፣ ጣትም በስለቱ መንገድ ላይ የለም።

መሬት ላይ መፍለጥ

የወሎ መሬት ድንጋይ አያጣም። እንጨቱን ሰንጥቆ ያለፈ ስለት ጠጠር ላይ ሲያርፍ አንድ ምት የግማሽ ቀን ሞረድ ያስከፍላል። ሁልጊዜ ከሥር ጉቶ ይኑር፤ ከፍታው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከጉልበት አይበልጥ። ጉቶው ከፍ ካለ መጥረቢያው ጉልበቱ ሳይሞላ ያርፋል።

አቋቋሙ እግር በትከሻ ስፋት ተከፍቶ ነው። ክንድ ተዘርግቶ ስለቱ ጉማጁ ላይ ሲያርፍ ርቀቱ ተለካ። ከዚህ ከቀረቡ ዛቢያው እንጨቱን መትቶ ይሰበራል፤ ከራቁ ስለቱ ከጉቶው ወዲህ ወርዶ ወደ እግር ይመጣል። ለዚህ ነው ምቱ ሲያርፍ ጉልበት አጠፍ የሚደረገው፦ የሳተ መጥረቢያ ከቅልጥም ይልቅ መሬት እንዲያገኝ።

ፍልጥ ግራና ቀኝ እየተወረወረ ካስቸገረ ያረጀ የመኪና ጎማ ጉቶው ላይ ማስተኛትና ጉማጁን መሐሉ ማቆም ነው። የተፈለጠው እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ጎንበስ ቀና ይቀንሳል።

«ያዝልኝ» ማለት

ልጅ እንጨት እንዲይዝ ማድረግ በየግቢው የሚታይ ነው። ጉማጅ ብቻውን ካልቆመ ሥሩ በመጋዝ ይስተካከላል ወይም ጎማ ውስጥ ይገባል እንጂ ሰው አይያዘውም። በሚፈልጠው ሰው ዙሪያ የክንዱና የዛቢያው ርዝመት ተደምሮ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሁለት እርምጃ ባዶ ይሁን። ጋቢና ነጠላ ይወልቁ፣ ሽርጥ ከፍ ተደርጎ ይታጠቅ። እግር ላይ ከነጠላ ጫማ የተሻለ ነገር ይጠለቅ።

ያላላ ዛቢያን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ

በጋ ላይ ዛቢያ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ብረቱም ይወዛወዛል። ማታ ባልዲ ውስጥ ይነከርና ጠዋት ጥብቅ ብሎ ይገኛል። ችግሩ ሲደርቅ ነው፦ ያበጠው እንጨት በብረቱ ተጨፍልቆ ስለነበር ከበፊቱ ይበልጥ ይላላል። ብረቱ ወደ ጭንቅላት በረረ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። መፍትሔው ከዛቢያው አናት ላይ አዲስ ሽብልቅ መምታት፣ ካልሆነም ዛቢያውን መቀየር ነው። የተልባ ዘይት ከተገኘ አናቱን በሱ ማጠጣት ይጠቅማል፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል እንጂ እንደ ውኃ አይተንም። ዛቢያው እንደ ዶማ ከላይ የሚገባ ከሆነ ይህ ስጋት ያንሳል፤ በተወዘወዘ ቁጥር ብረቱ ወደ ወፈረው ጫፍ እየተሳበ ይጠብቃል።

ስለቱን በእሳት ማሞቅ ደግሞ አይሞከርም። ምድጃ ውስጥ የቀላ ስለት ጥንካሬው ይጠፋል፤ እንደገና የሚመልሰው ቀጥቃጭ ብቻ ነው። የዶለዶመው በሞረድ ይሞረዳል፣ በመሳያ ድንጋይ ይጨረሳል። የመፍለጫ መጥረቢያ ፀጉር እንዲላጭ አይጠበቅም። የቢላ ስለት ግን ሹል ይሁን፤ ቢላ የሚሠራው ነክሶ በመያዝ ነው።

ከልክ በላይ ማወፈር፣ በተሳሳተ ወር መከመር

እንጀራ የሚጋገረው ቶሎ በሚነሳና ቶሎ በሚወርድ ነበልባል ነው፤ ለምጣድ ከሁለት እስከ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ፍልጥ ይበቃል። ክንድ የሚያክለው ጭሱ እንጂ ነበልባሉ አይደርስም። ለወጥና ለባቄላ መቀቀያ ወፈር ያለው ይሁን። ለቡና የቢላው ሥራ፣ እርሳስ የሚያክል ስንጣሪ እፍኝ ሙሉ። ለወተት ዕቃ ማጠኛ የምትሆነዋም የወይራ ስንጣሪ እንዲሁ በቢላ ናት የምትወጣው።

ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምት የተፈለጠ እንጨት በልግ ሳይገባ 3 ወር ያህል ፀሐይና ነፋስ ያገኛል። በጥር የተፈለጠ የበልግ ዝናብ ላዩ ላይ ይወርድበታል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ቶሎ ታደርቃለች፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሴ ጭጋጓ ስለሚበዛ ይዘገያል። ክምሩ መሬት አይንካ፤ ሁለት አግዳሚ ግንድ ከሥሩ ይግባ፣ አናቱ ብቻ ይሸፈን፣ ጎኑ ለነፋስ ይከፈት። በላስቲክ ዙሪያውን መጠቅለል እንጨቱን በራሱ ወዝ ያሻግተዋል።

መድረሱን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ይጋጩ። የደረቀው ቋ ይላል፣ እርጥቡ ድፍን ድምፅ ይሰጣል።