የሃሉሚና የአትክልት ፒታ፦ ችግርና መፍትሄ

ለአራት ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፦ 500 ግራም የፊኖ ዱቄት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 10 ግራም ጨው፣ 320 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 250 ግራም ሃሉሚ (እሳት ላይ ቅርጹን የሚይዝ የቆጵሮስ ቺዝ)፣ 1 ደበርጃን፣ 2 ዝኩኒ፣ 1 ቀይ የፈረንጅ ቃሪያና 1 ቀይ ሽንኩርት። ሊጡ 8 ፒታ (ተነፍቶ ውስጡ ኪስ የሚፈጥር ጠፍጣፋ ዳቦ) ይወጣዋል። በዚህ ምግብ ላይ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር መነሻው ውሃ ነው፤ ከቺዙ፣ ከአትክልቱ ወይም፣ ከጨመራችሁበት፣ ከእርጎው የሚወጣ ውሃ።

ቺዙ ሳይቀላ ውሃ አወጣ

ሃሉሚ የሚታሸገው በጨው ውሃ ውስጥ ነው። መጥበሻው ላይ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቺዙ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሰጥታችሁ ቁረጡና ሁለቱንም ገጽ በወረቀት ፎጣ አድርቁ። መጥበሻውን ያለ ዘይት ለ3 ደቂቃ አግሉት፤ ቁራጮቹን ሳታጨናንቁ ደርድሩና በእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጥበሱ። እስከዚያ አትነካኩት። ሲቀላ ራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል፤ ከያዘ ገና ነው።

ቺዙ ቀለጠ ወይም ተበታተነ

እንግዲያው ሃሉሚ አይደለም። የቆጵሮስ ሰዎች የረጋውን ወተት ጨምቀው ከ90 ዲግሪ በላይ በሞቀ አጓት መልሰው ያበስሉታል፤ እሳት ላይ ቅርጹን የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሞዛሬላ ይፈሳል፣ ፌታ ይፈረካከሳል፣ የእኛ አይብም ይበተናል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሃሉሚ የሚለው ስም ለቆጵሮስ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ የተሠራው ብዙ ጊዜ «ግሪል ቺዝ» ተብሎ ይሸጣል። እሱም ይሠራል። እውነተኛው ሃሉሚ መሃሉ ላይ ለሁለት ቢሰነጠቅ ግን አትደንግጡ፤ ሲሠራ ናና ተነስንሶበት ስለሚታጠፍ ነው። ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ጥበሷቸው።

እንደ ጎማ ጠነከረ

ቀዝቅዟል። ዳቦውና አትክልቱ ተሰናድተው ካለቁ በኋላ ቺዙን መጨረሻ ላይ ጥበሱ፣ ወዲያውም አቅርቡ። የቀዘቀዘውን በጋለ መጥበሻ ለ1 ደቂቃ መመለስ ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን አይለሰልስም።

ጨው በዛ

የተቆረጠውን ቺዝ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉና በደንብ አድርቁ። አትክልቱ ላይ ጨው አትጨምሩ፤ ሎሚ ይበቃዋል።

ፒታው አልተነፋም

ኪሱን የሚከፍተው ሊጡ ውስጥ በድንገት የሚፈጠር እንፋሎት ነው። ለዚህም ኃይለኛ ሙቀትና እኩል ውፍረት ያስፈልጋል። ኦቨኑን ከነትሪው በ250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አግሉ፤ ሊጡን 5 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ዳምጡና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጋግሩ። ገጹ ከደረቀ ወይም መዳመጫው ከቀደደው እንፋሎቱ ያመልጣል። ሊጡን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቶሎ ይነሳል፤ ሰዓቱን ሳይሆን እጥፍ መሆኑን ተመልከቱ፣ ካለፈ ይዝላልና። ያልተነፋ ፒታ ግን አይጣልም፤ አጥፋችሁ ሙሉት።

ደርቆ ተሰነጠቀ

ከኦቨን እንደወጣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል።

ዳቦው ራሰ

ደበርጃንና ዝኩኒውን 1 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ደበርጃን ዘይት እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ዘይቱን መጥበሻው ላይ አታፍስሱ፣ ቁራጩን በብሩሽ ቀቡት። ሲጠበስ አትክደኑት፤ ከወጣም በኋላ አትከምሩት፣ ተከምሮ ውሃ ያወጣል። ቃሪያውን ግን ቆዳው እስኪጠቁር ጠብሳችሁ ለ10 ደቂቃ ሸፍኑት፤ ልጣጩ በቀላሉ ይነሳል፣ የሚወጣውን ውሃ ድፉት። እርጎም የምትጨምሩ ከሆነ በጨርቅ ለ1 ሰዓት አንጠልጥሉት።

ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፤ ሃሉሚ የበግ፣ የፍየል ወይም የላም ወተት ነው። ለጾም ቺዙንና እርጎውን ትታችሁ በጣሂና (ልሞ የተፈጨ ሰሊጥ) ሙሉት። ለቬጀቴሪያን እንግዳ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ወተቱን የሚያረጋው ሬኔት ከጥጃ ጨጓራ የተገኘ ሊሆን ይችላል።