ፎርሲንግና ፊድባክን እንዴት እንለያለን? በስልክ ካልኩሌተር ጭምር

ፎርሲንግና ፊድባክ ስለ ምድር መሞቅ ሲወራ የሚነሱ ሁለት ቃላት ናቸው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ነገር የተለወጠው ምድር ስለሞቀች ነው ወይስ ባትሞቅም ይለወጥ ነበር?

ባትሞቅም የሚለወጥ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ኢነርጂ ሚዛን ካናጋ ፎርሲንግ ነው። ከሰልና ነዳጅ ስናቃጥል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የፀሐይ ጉልበት ከፍ ዝቅ ማለት፣ እሳተ ገሞራ። ደግሞ ፎርሲንግ ሁሌ አያሞቅም፣ የፊሊፒንሱ እሳተ ገሞራ ፒናቱቦ በ1991 እኤአ ሲፈነዳ ወደ ላይ የረጨው ሰልፈር የፀሐይ ብርሃን እየመለሰ ምድርን ለጊዜው ግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዟታል። ሙቀቱን ተከትሎ መጥቶ ለውጡን የሚያባብስ ወይ የሚያለዝብ ከሆነ ግን ፊድባክ ነው። ፖዘቲቭ ሲባል ጥሩ ማለት እንዳይመስላችሁ፣ የሚያባብሰው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የውሃ ተን ላይ ነው። "ከካርቦን በላይ ሙቀት የሚይዘው ተኑ አይደል እንዴ፣ ለምን ካርቦን ካርቦን ትላላችሁ" ይላሉ፣ መያዙስ እውነት ነው ግን ተን በቀናት ውስጥ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል፣ አየሩ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚወስነው ሙቀቱ ነው፣ 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ፊድባክ ነው፣ ያውም ከሚያባብሱት ትልቁ። በረዶም እንደዛው፣ አዲስ የወረደ በረዶ ከብርሃኑ 80 በመቶ በላይ ሲመልስ ሲቀልጥ የሚገለጠው ባህር አብዛኛውን ይውጠዋል። ደመና አስቸጋሪ ነው፣ ዝቅ ያለው ወፍራሙ ያቀዘቅዛል ከፍ ያለው ስሱ ያሞቃል።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ። ከኢንዱስትሪ በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 280 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280ው) ነበር፣ አሁን ከ420 አልፏል። 420ን ለ280 አካፍሉ፣ ኤልኤን (ln) የሚለውን ተጫኑ፣ በ5.35 አባዙት፣ 2.17 ዋት በካሬ ሜትር ይመጣል። ይሄ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የመጣው ፎርሲንግ ነው። እጥፍ ቢሆን ማለትም 560 ቢደርስ 3.7 ይሆናል። ምድር 1 ዲግሪ ስትሞቅ ወደ 3.2 ዋት አካባቢ ጨምራ ወደ ጠፈር ስለምትለቅ 3.7ን ለ3.2 አካፍሉ፣ 1.2 ዲግሪ ገደማ፣ ፊድባክ ሳይጨመር።

ፊድባኩ በየዙሩ ከፊቱ የመጣውን ሙቀት ግማሽ ይጨምራል እንበል፦ 1.2፣ ከዛ 0.6፣ ከዛ 0.3፣ ከዛ 0.15 እያለ እያነሰ ይሄድና ድምሩ 2.4 ላይ ይቆማል። ፖዘቲቭ ፊድባክ ማቆሚያ የለውም የሚባለው ለዚህ ነው ልክ ያልሆነው። ግማሹን ማለትም 0.5ን ወደ 0.6 ቀይራችሁ ድገሙት፣ 3 ይመጣል። 0.7 አድርጉት፣ 4። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን አይፒሲሲ በ2021 እኤአ ሪፖርቱ ለእጥፍ ካርቦን ያስቀመጠው ግምትም 3 ዲግሪ ነው፣ ከ2.5 እስከ 4 ሊሆን ይችላል ብሎ፣ እንዲህ የሰፋውም ባብዛኛው በዛ ደመና ምክንያት ነው።