ጆሮም ሆነ አፍንጫ ከመበሳት በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

ከጆሮ እስከ እምብርት መብሳት ሥራዬ ነው። ደንበኞቼ መርፌውን ይፈራሉ፤ እኔ ደግሞ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ያደረጉትን እፈራለሁ። መርፌው ገብቶ የሚወጣው በአንድ ትንፋሽ ነው። ነገር የሚበላሸው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው።

ሰርግ ሊደርስ ሲል መምጣት

በጥር ወርና ከፋሲካ ማግስት ባሉት ሳምንታት ይህን ሳልናገር የምውልበት ቀን የለም። ሙሽራዋ ሚዜዎቿን አስከትላ ትገባለች። ቬሎው ተመርጧል፤ ለዲኮሩ ቀብድ ተከፍሏል፤ አማቷ ያበረከቱላት ረጅም የወርቅ ጉትቻ በቀይ ሳጥን ውስጥ ያብረቀርቃል። የጎደለው ቀዳዳው ብቻ ነው። «ሲስተር፣ ቶሎ የሚድነውን አድርጊልኝ» ትለኛለች።

ቶሎ የሚድን የለም! ለስላሳው የታችኛው የጆሮ ክፍል ለመዳን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ሲነኩት የሚጠነክረው የላይኛው ክፍል ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። አፍንጫ ከ4 እስከ 6 ወር፣ እምብርት ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል። ፈጥኖ የሚድነው ምላስ ነው፤ እሱም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠይቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ አብጦ ንግግር ስለሚያኮላትፍ ለሙሽራም ለመምህርም አልመክረውም።

ቁስል ሰርግ አለብኝ ብሎ አይፈጥንም። በተበሳ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ጆሮ ይሞቃል፣ ያብጣል። ሙሽራዋ ግን ልክ በዚያ ሰሞን ትንሹን ጌጥ አውጥታ ያን ከባድ ጉትቻ ልትሰካበት ነው። ክብደቱ ያልዳነውን ቀዳዳ ወደ ታች ይጎትተዋል። በዚያ ላይ ሹሩባው አለ፤ ጸጉር ሠሪዋ ጆሮዋን አጥፋ ትይዛለች። ካስኩ አለ፤ ስፕሬዩ አለ። በመልሱ ቀን ደግሞ የነጠላው ዘርፍ ጌጡ ላይ ይጠመጠማል። ፎቶው ሲወጣ ጆሮዋ ከከንፈር ቀለሟ በልጦ ቀልቷል።

አንዷን አልበሳም ብዬ መልሻት ሌላ ቦታ ሄዳ ተበሳች። ከሰርጉ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ የቀኝ ጆሮዋ ሥጋ የጌጡን የኋላ መያዣ ውጦታል። ከፊት ትንሽ ነጭ ድንጋይ ትታያለች፤ ከኋላ ግን የሚያብለጨልጭ ውጥር ቆዳ ብቻ ነው፤ በጣቴ ጫን ስለው ብረቱ ከሥር ይቆረቁራል። በመጨረሻ ሐኪም በማደንዘዣ ቀዶ አወጣላት። ለታችኛው ጆሮ ከሰርጋችሁ 3 ወር ቀደም ብላችሁ ኑ። ካለፈባችሁ ደግሞ ሳይበሱ በመቆንጠጥ የሚያዝ ጉትቻ በገበያ ላይ አለ፤ ከእንግዶቻችሁ መካከል ጎንበስ ብሎ ጆሯችሁን የሚመረምር የለም።

ተማሪዎች ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ቢበሱ መስከረም ላይ የታችኛው ጆሯቸው ድኖ ይጠብቃቸዋል። ትምህርት ቤቱ ወይም መሥሪያ ቤቱ ጌጥ የሚከለክል ከሆነ ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ አዲስ ቀዳዳ ጌጡ ከወጣለት በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፤ ጠዋት አውልቆ ማታ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እምብርቱን ተበስቶ በሳምንቱ ሶደሬ ሊዋኝ ላሰበ ሰው የምሰጠው ምክር የለኝም፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።

በባዶ ሆድ መምጣት

በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ ይውላል። ከሥራ ፈቃድ ያገኘው ግን 8 ሰዓት ላይ ስለሆነ በዚያው ወደ እኔ ይመጣል። መርፌ ሲገባ አንዳንድ ሰው ላይ የልብ ምት ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል፤ እህል ውሃ ያልቀመሰ ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከንፈሩ ነጥቶ፣ ግንባሩን ላብ አርሶት «ደህና ነኝ» ካለኝ እንደሚወድቅ አውቃለሁ።

የሚወድቀው ደግሞ ስታለቅስ የቆየችው ልጅ አይደለችም። ብዙ ጊዜ ደረቱን የነፋው ጎረምሳ ነው፤ አለዚያም እጇን ይዞ ሊያደፋፍራት የመጣው ወንድሟ። የሚወድቀውም ሁሉም አለቀ ተብሎ ብድግ ሲል ነው። ምሳችሁን በልታችሁ ኑ፤ ጾመኞች ከ9 ሰዓት በኋላ ቀምሳችሁ ኑ፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ መምጣት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ እጠብቃለሁ። ለድፍረት ተብሎ የሚጠጣ ቢራ ይቅር፤ ጠጥቶ የመጣን ሰው አልበሳም። አስፒሪንም ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ውጤቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ግን እኔ ጋ ለመምጣት ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።

የመብሻ ሽጉጥ ያለው ቤት መምረጥ

«እዚያ እኮ ጠቅ ይልና ያልቃል፤ አያምም» ይሉኛል። ጠቅ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከሽጉጡ የሚወጣው መርፌ አይደለም፤ ጌጡ ራሱ ነው፤ ጫፉም ደንዛዛ ነው። የመብሻ መርፌ ስለታም ስለሆነ ሥጋውን ቆርጦ ለጌጡ ቦታ ያበጃል፤ ሽጉጡ ግን ደንዛዛውን ጌጥ በስፕሪንግ ኃይል እያደቀቀ ያሳልፈዋል። የታችኛው ጆሮ ይህን ይችለው ይሆናል። የላይኛው ክፍል ግን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ከደቀቀና ሽፋኑ ከተላቀቀ፣ ባክቴሪያም ከገባበት፣ ሰውነት መከላከያውን ወደዚያ ለማድረስ ይቸገራል። የላይኛው ጆሯቸው በዚህ ምክንያት ተጨማዶ ቅርጹን ያጣ ሰዎች አሉ፤ ያ ደግሞ በጉትቻ አይሸፈንም።

ሌላው ጉዳይ ንጽሕናው ነው። የመብሻ ዕቃ የሚጸዳው በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በግፊት በታመቀ የ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ እንፋሎት ነው። የብዙዎቹ ሽጉጦች አካል ፕላስቲክ ስለሆነ ይህን ሙቀት አይችልም፤ ስለዚህ በአልኮል ተወልውሎ ለሚቀጥለው ሰው ይውላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ እንኳ 7 ቀንና ከዚያ በላይ መቆየት ይችላል። አልኮል የነካው ጥጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አይታችሁ ልባችሁ አይረፍ።

መጠየቅ አትፈሩ። እኔ ብሆን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» አውቶክሌቭ በመብራት የሚሠራ ስለሆነ መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። «አስቀድመን አጽድተን ያሸግነውን እንጠቀማለን፤ ካለቀብን ቀጠሮ እንቀይራለን» ካሏችሁ ተቀመጡ። ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ከተያዩ ቦርሳችሁን አንሡ። መርፌው ያለበት ከረጢት ዓይናችሁ እያየ ይቀደድ። ጓንት አጥልቆ ስልኩን ያነሣ ሰው ጓንቱን ይቀይር።

«ንጹሕ ወርቅ ነው» ብሎ የእናት ሎቲ ማምጣት

ይህ ስህተት ከፍቅር የሚመጣ ስለሆነ ለመቆጣት ይከብደኛል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡና ከመሐረባቸው ጫፍ ትንሽ ሎቲ ፈቱ። «ይህ ከእናቴ ጆሮ ወደ እኔ፣ አሁን ደግሞ ከእኔ ወደ እሷ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ የፈራሁትም ይህንኑ ነው» ስላቸው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳቁ።

18 ካራት ማለት 75 በመቶው፣ 21 ካራት ማለት 87.5 በመቶው ወርቅ የሆነ ማለት ነው። የቀረው መዳብ ወይም ብር ነው፤ ነጭ ወርቅ ከሆነ ደግሞ ኒኬል ሊኖርበት ይችላል። ኒኬል ቆዳን በማሳከክና በማቁሰል የታወቀ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሕግ ለመብሻ በሚውሉ ጌጦች ውስጥ እንዲገደብ ያደረገውም ለዚህ ነው። 24 ካራት ደግሞ በጣም ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይጫጫራል፣ ጭረቱም ቁስሉን ይፈትጋል። ከዱባይ ወይም ከሪያድ እህት የላከችው ባለ 21 ካራት ጉትቻ ዋጋው የትየለሌ ቢሆንም ማንጠልጠያው እንደ ክር የቀጠነ ከሆነ ያልዳነውን ሥጋ ይቆርጠዋል።

ለአዲስ ቀዳዳ የሚሻለው ሰውነት ውስጥ እንዲቀመጥ ተብሎ የተሠራ ቲታኒየም ነው፤ ሻጩን «ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ይህ የዚያ ቲታኒየም የጥራት ደረጃ መለያ ነው። «የሕክምና ብረት» የሚለው ስም አያታልላችሁ፤ ብዙው ኒኬል አለበት። ዘንጉም ለእብጠቱ ቦታ እንዲተው ትንሽ ረዘም ይበል። ሎቲውን ወደ መሐረቡ መልሱት፤ ቁስሉ ሲድን ይደረጋል።

በይሉኝታ እሺ ማለት

ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ መስተዋት ስሰጣችሁ በደንብ እዩት። የሰው ሁለቱ ጆሮዎች እኩል አይደሉም፤ በሚሊሜትር ለክቼ ባደርገው እንኳ ለዓይን የተዛባ ሊመስል ይችላል። «አንቺ ካልሽ እሺ» አትበሉኝ። ምልክቱን አሥር ጊዜ ብታስጠርጉኝ አይከፋኝም፤ ቀዳዳውን ግን መጥረግ አይቻልም።

ማደንዘዣ ቅባት ተቀብቶ መምጣትም ሥራዬን ያበላሻል፤ ቆዳው ያብጥና ምልክቱ ቦታውን ይስታል።

ሕመምን መደበቅ

«ያለብሽ ሕመም አለ?» ስል የምጠይቀው ለወግ አይደለም። የልብ በር (ቫልቭ) ጉዳት ያለባቸውና በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች በአገራችን ብዙ ናቸው። ከቁስል ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በተጎዳው የልብ በር ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። እነዚህን ያለ ሐኪማቸው ፈቃድ አልነካም። የስኳር ሕመምተኛ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁላችሁም ቀድማችሁ ተናገሩ።

ጠባሳን በተመለከተ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ ተመልከቱ፤ የወላጆቻችሁንና የእህት ወንድሞቻችሁንም ጠይቁ። ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ከሆነ ሐኪሞች ኬሎይድ ይሉታል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወረሳል። እንዲህ ያለባችሁ ሰዎች ብታለቅሱብኝም አልበሳችሁም። በሌላ በኩል፣ አፍንጫ ከተበሳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከጌጡ ጎን የሚወጣው ትንሽ እብጠት ብዙ ጊዜ ከመነካካት የመጣ ነው፤ ኬሎይድ ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ጨቅላ ሕፃን ቤት ውስጥ በክር መብሳት

አያቶች ይህን ሲሰሙ ይቀየሙኛል። «እኛ ስንቱን በስተን አሳድገናል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የጥጥ ክር ፈሳሽ ይስባል፣ ቆሻሻ ይይዛል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ቀጠሮ አይጠይቅም። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚወስዱት ክትባት ከመንጋጋ ቆልፍና ከሄፓታይተስ ቢ ይከላከላል። ሦስተኛውን ጨርሳ ካርዷን ይዛችሁ አምጧት።

ለቤት ውስጥ እንክብካቤው ሳይዘጋጁ መበሳት

ከመምጣታችሁ በፊት ከፋርማሲ ቁስሉን የምታጥቡበት ኖርማል ሳላይን የተባለ የጨው ውሃና ንጹሕ ጎዝ ግዙ። ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው የጨው ውሃ ብዙ ጊዜ ጨው ይበዛበትና ቁስሉን ያደርቀዋል። የትራስ ልብሱን ቀይሩ። ጸጉራችሁን ቅቤ የምትቀቡ ከሆነ ቀድማችሁ ተቀብታችሁ ታጠቡት፤ ቅቤው ሲቀልጥ የሚወርደው ወደ ጆሮ ነው። ቀዳዳው ላይ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አይነካም። ጌጡን «እንዳይጣበቅ» ብሎ ማሽከርከርም ቀርቷል፤ በተሽከረከረ ቁጥር የደረቀው ቅርፊት ወደ ውስጥ ይገባል።

ትልቅ ጌጥ ለማድረግ የሚቸኩሉ ልጆች ሲመጡ የሙርሲ ሴቶችን እጠቅስላቸዋለሁ። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከንፈሯን የተበሳች ልጃገረድ መጀመሪያ የምታስገባው ትንሽ የእንጨት ውታፍ ነው፤ ቁስሉ እስኪድን ጠብቃ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ታሰፋዋለች። ያን ሸክላ ባንድ ጀምበር ያስገባች የለችም።

የላይኛው ጆሮ ከቀላ፣ ከጋለና አብጦ ከጆሮ ግንድ ከራቀ፣ ወይም መግልና ትኩሳት ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ጌጡን በራሳችሁ አታውጡት፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ፋርማሲ ገብታችሁም አሞክሳሲሊን አትግዙ፤ የላይኛውን ጆሮ አዘውትሮ የሚያጠቃው ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በአሞክሳሲሊን አይሞትም፤ እናንተ እንክብሉን እስክትጨርሱ ጆሮው ይበላል።