የአድዋ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ምን ማየት ይገባል

ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት የአድዋ ሥዕሎች ግን ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የተሣሉ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሥዕል ሁለት ዘመን ይዟል፤ ውጊያው የሆነበትንና ሠዓሊው የኖረበትን። ሥራው ሁለቱን መለየት ነው።

መግለጫውን ከማንበብዎ በፊት ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይቁሙ። በተለመደው አሣሣል ኢትዮጵያውያን በግራ፣ ጣሊያኖች በቀኝ ናቸው፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይታያል። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነበርና ታቦቱም አብሮ ዘምቶ ነበር። ምኒልክ ጥላ ተይዞላቸው ዘውድ ደፍተው ቢያዩ ያን ቀን የለበሱት ነው ብለው አይመዝግቡ። ዘውዱ ማዕረግ መለያ ነው።

አሁን ቀረብ ብለው ዓይን ይቁጠሩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ይሁዳና ሰይጣን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የአድዋ ሠዓሊዎች ይህንኑ ልማድ ጦር ሜዳ አወረዱት፤ ጠላት አንድ ዓይና ሆነ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ደንቡ ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ የወገን ተኳሽም እያነጣጠረ ስለሆነ ብቻ በጎን ሊሣል ይችላል። ዓይኑን ከልብሱና ከቆመበት ወገን ጋር ያስተያዩ። በተለይ አስካሪዎቹን ይፈልጉ፤ ታርቡሽ የሚባለውን ቆብ ያደረጉት፣ ከጣሊያን ጎን የተሰለፉት የኤርትራ ወታደሮች ናቸው። ሠዓሊው የእነሱን ፊት እንዴት እንደሣለው ከጄኔራሎቹ ፊት ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ወንድም ናቸው ወይስ ጠላት የሚለውን ጥያቄ የመለሰው እዚያ ነውና።

ባንዲራውም ይመሰክራል። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ የተሰፉበት ባንዲራ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ካለ ሠዓሊው የራሱን ዘመን አስገብቷል ማለት ነው። ጽሑፉንም ይመልከቱ። በአማርኛው ላይ የፈረንጅ ቋንቋ ከተጨመረ ገዢው የውጭ አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም። የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ለኤምባሲ ሰዎችና ለጎብኚዎች ሲሸጡ ኖረዋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ገዢ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ሰው፣ ብዙ ጎራዴና ደማቅ ቀለም ነው። የጨርቁ ጠርዝ ከታየ ይመርምሩት፦ ምስሉ መሃል ላይ ተቆርጦ ከቀረ ወይም ከጀርባው የግድግዳ ጭቃ ከተገኘ ከሌላ ቦታ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የሌለውን ይፈልጉ። እቴጌ ጣይቱ ብዙ ጊዜ አሉ፤ አንዳንዴም ሽጉጥ ይዘው። ስንቅ ያዘጋጁት፣ የፈጩት፣ ውኃ የቀዱት ሴቶችና አጋሰስ የነዱት ግን እምብዛም አይታዩም፤ ያለ እነሱ ሠራዊቱ አድዋ ባልደረሰም ነበር። ማን ተስሎ ማን እንደቀረ በሁለት ዓምድ ከፍለው ይጻፉ። ከማስታወሻዎ ሁሉ ስለ ማኅበረሰቡ አብልጦ የሚነግርዎ ይህ ነው።

መግለጫውን መጨረሻ ላይ ያንብቡ። ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ያጣሩ፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ አንድን ሥዕል ከሁለተኛው የጣሊያን ወረራ በፊት ወይም በኋላ ሊያደርገው ይችላል። የመዝገብ ቁጥሩንም ይያዙ፤ ሥዕሉ በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ሲጠይቁ ሠራተኛው ፋይሉን የሚያገኘው በእሱ ነው። ፎቶ ከተፈቀደልዎ ፍላሹን ያጥፉ።