ጠብ ሲጀመር፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት

ድሬ ሙቀቱ ሲበረታ ጠብ በትንሽ ነገር ይነሳል። የግቢ ውሃ ተራ፣ የባጃጅ ሒሳብ፣ የቆየ የቤተሰብ ቂም። ምላስ ቀድሞን ይወጣና ስንቆጭ እንከርማለን።

ዘዴዋ ይቺ ናት። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የለመዳችኋትን አጭር ጸሎት በለሆሳስ፣ ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ፣ በአንድ ረጅም ትንፋሽ በሏት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል እሷን ይበል፣ «አስተግፊሩላህ» የሚልም እሷን። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሟት። ከዚያ የመጀመሪያው ቃላችሁ ክስ አይሁን። «አቦ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» በሉ፣ ግን ከልባችሁ። ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አድርጋ ለጩኸት የተዘጋጀች ጎረቤት በዚህች ጥያቄ ብቻ ድምጿ ዝቅ ሲል አይቻለሁ።

ለምን ይሠራል? ትንፋሽ ሲወጣ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናትም መቁጠሪያ ይዞ የሚደገም ጸሎት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው፦ ምሕረት እየለመኑ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው መጥላት ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ደስታም የሚገኘው ከዚያ ነው።

ዱላ ባለበት ቦታ ግን ይህን አትሞክሩት፤ በተለይ ቤት ውስጥ የሚማታ ሰው ካለ። መጀመሪያ ከዚያ ራቁ፣ ለሽማግሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። ገንዘባችሁን የበላ ሰው ከሆነም መብታችሁን አትተዉ፤ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ።