በከተማ ዳር እየኖሩ ልብን የማሳረፍ ልምምድ፦ የዕለት ጸሎትና መቀበል

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው ቀኑን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሱሉልታ ወደ መሐል ከተማ ለሥራ የሚመላለስ ሠራተኛ በጨለማ ታክሲ ተራ ይሰለፋል፤ ማታም በጨለማ ይመለሳል። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ መብራት ሳይታሰብ ይጠፋል። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ ወይም ከሌላ ነባር ሰፈር ተነሥቶ የመጣው ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ያደገበትን ደብር፣ ዕድሩንና አብሮት ቡና የሚጠጣውን ጎረቤቱን አጥቷል። ስለ ውስጣዊ ሰላም የሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ገለል ብሎ ጸጥታ መፈለግንና ለራስ ጊዜ መስጠትን ያዝዛሉ፤ እንዲህ ላለ ሰው ግን የቸገሩት ጊዜና ጸጥታው ራሳቸው ናቸው። ይህን የጻፍሁት ከሰልፉም ከውኃ ጥበቃውም ሳይወጣ፣ አባቶች ባቆዩልን የጸሎት ሥርዓት ልቡን ማሳረፍ ለሚሻ ሰው ነው። የማውቀው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ሥርዓት ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያው የተወሰዱ ናቸው፤ ሆኖም ቀንን በሰዓተ ጸሎት መከፋፈል ከሱብሒ እስከ ዒሻ አምስቱን ሶላት ለሚጠብቁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንግዳ ነገር አይደለም።

አስቀድሞ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ መቀበል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ግልጽ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። በእኛ ዘንድ መከራ የደረሰበት ሰው ቶሎ እንዲያመሰግን ይጠበቃል። እንዴት ሰነበትህ ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ልማዱ መልካም ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን በልቡ ያለው ቅሬታ አንድም ቀን በጸሎት ሳይነገር ምስጋናው በአፍ ብቻ ሲደጋገም፣ ቅሬታው በሌላ በር ይወጣል፤ ልጆችን በመቆጣት፣ ከታክሲ ረዳት ጋር በመጨቃጨቅ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በማጣት። ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያሳዩን ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ፈቃዱን ለአባቱ ከመስጠቱ በፊት ጽዋዋ እንድታልፍ ለምኗል፤ ያንኑም ጸሎት ሦስት ጊዜ ደግሞታል። ኢዮብ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሳ» ያለው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ግን የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ሆኖም በመጽሐፉ መጨረሻ ቅን ነገር ተናገረ ተብሎ የተመሰከረለት ኢዮብ እንጂ ሊያጽናኑት መጥተው የገሠጹት ወዳጆቹ አይደሉም። ዳዊትም 12ኛውን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛውን) መዝሙር «እስከ መቼ» እያለ ይጀምርና በምስጋና ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ከምስጋናው በፊት አቤቱታውን ማቅረብን ነው።

አፈጻጸሙ ቀላል ነው። ጠዋት ሲነሡ፣ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ፊትዎን ታጥበው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ፤ ካማተቡ በኋላም የከበደዎትን ነገር በስሙ ጠርተው ይንገሩ። «ችግሬን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እርሱ ቢያውቀውም እኛ ገና አልተናገርነውም። «የቤት ኪራይ ተጨምሮብኛል፤ ከየት እንደማመጣው አላውቅም፤ ፈርቻለሁ» ይበሉ። እናቱን የቀበረ ሰው «ቤቱ ባዶ ሆኖብኛል፤ ለምን ወሰድህብኝ?» ቢል በድፍረት አይቆጠርበትም፤ ከዳዊት መዝሙራት ብዙዎቹ ከዚህ የበረታ ቃል አለባቸው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ልጆች ተኝተው ከሆነ በሹክሹክታ ይበቃል፤ ቃሉ ከአፍ መውጣቱ ግን አስፈላጊ ነው፤ በሐሳብ ብቻ የቀረ አቤቱታ ዞሮ ዞሮ ወደ ጭንቀት ይመለሳልና። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለው ይድገሙ። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጥቂት ቆም ብለው፣ አሁን በስሙ የጠሩትን ነገር እዚያው ላይ ያኑሩት። ከዚህ ቃል ቀጥሎ የምንለምነው የዕለት እንጀራችንን ነው፤ ፈቃዱን የተቀበለ ሰው ከመለመን እንዳልተከለከለ ከጸሎቱ አሰካክ ራሱ ይታያል። ሁሉም ተደምሮ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓትን መያዝ ነው። ሥርዓታችን በቀንና በሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉት፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። የሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከንጋት ስለሚነሣ ሠለስት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት ላይ ይውላሉ፤ ሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የለየበት ሰዓት መታሰቢያ ነው። ጀማሪ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ቢል በሳምንቱ ይደክማል፤ ጠዋት በነግህ፣ በቀትርና ከመኝታ በፊት በንዋም ቢጀምር ይበቃዋል። ቀትር ላይ ቢሮ ውስጥም ሆነ በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ተለይቶ መቆም ባይችል፣ ምሳውን ከመቁረሱ በፊት ዓይኑን ዝቅ አድርጎ የጠዋቱን አቤቱታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስታውስና ያማትብ። የዚህ ጥቅሙ ብዙ ነው። ጭንቀት ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ ሲሄድ ያይላል፤ ቁርጥ ያለ ሰዓት ያለው ሰው ግን ክፉ ወሬ በ4 ሰዓት ቢደርሰው ይዞት የሚቆምበት 6 ሰዓት እንዳለ ያውቃል።

በመካከል ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ደግሞ ለአጭር ጸሎት የተመቸ ነው። እኛ ሕንፃ ግራውንድ ላይ የሚኖሩ፣ ከመሐል ከተማ ተነሥተው የመጡ አንዲት እናት አሉ። ውኃ በሚለቀቅበት ሌሊት ቢጫ ጀሪካናቸውን ቧንቧው ሥር ደቅነው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ መቁጠሪያቸው በቀኝ እጃቸው ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ 41 ሲያደርሱ ጀሪካኑ ካልሞላ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። አንድ ሌሊት ገና ሁለተኛው ጀሪካን ሳይጋመስ ውኃው ቀጥ አለ። የተሰለፈው ሁሉ አጉረመረመ። እርሳቸውም «ኧረ አምላኬ፣ የነገ ልብሴስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት ነበረበት። ከዚያ አውራ ጣታቸው ከቆመበት ፍሬ ላይ ቆጠራውን ቀጠሉ። አቤቱታውም ጸሎቱም ከአንድ አፍ፣ ለአንድ ሰሚ ሲቀርቡ ያየሁት በእርሳቸው ነው፤ ከብዙ ስብከት ይልቅም ያስተማረኝ ይኸው ነው።

በታክሲ ሰልፍ ላይም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ማዳመጫውን ከጆሮ አውጥቶ፣ አየር ሲያስገቡ «እግዚኦ»፣ ሲያስወጡ «መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ በልብ መድገም ትንፋሽን ያዘገያል፤ ትንፋሽ ሲዘገይ የልብ ምትም ይረጋል። ሐሳብ መበተኑ አይቀርም። በተበተነ ጊዜ ራስን ሳይወቅሱ ወደ ቃሉ መመለስ ነው እንጂ፣ «እኔ ለጸሎት አልሆንም» ብሎ መተው አይገባም። በመንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ በመስኮት ተሳልሞ የማለፍ ልማዳችንም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ከኮተቤ መገናኛ ባለው መንገድ ብቻ ስንት ጊዜ ልብን ለመመለስ ምክንያት እንደሚሆን የሚመላለስበት ያውቀዋል።

የዳዊት መዝሙርን በተመለከተ፣ 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ በመሆኑና አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ስለሚይዝ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ንጉሥ መድገም ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው አንድ መዝሙር እንኳ በቂ ነው። ግእዙን የሚያነብቡ ቢሆኑም የዕለቱን መዝሙር አንድ ጊዜ በአማርኛ እንዲያነብቡት እመክራለሁ፤ በሕመም፣ በክህደት፣ በስደት ውስጥ ያለ ሰው ምን እንዳለ ማወቅ የራስን አቤቱታ ቃል ለማግኘት ይረዳልና። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ለእርሱ የተለየ ዕቅድ አያስፈልገውም።

ጾም ከዚህ ሁሉ ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው፣ ረኀቡ ሲጠራው ወዲያው ሳይታዘዝ መቆየትን በሥጋው ይማራል። የሚያስቆጣ ቃል በተሰነዘረ ጊዜ ወዲያው ሳይመልሱ መቆየትም ይኸው ችሎታ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን የምግብ ዓይነት ከመለወጥ ጋር አንድ የቁጣ ልማድ አብሮ ቢያዝ ፍሬው ቶሎ ይታያል። ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስግደትም የለም፤ በዚያ ወራት ልምምዱ ወደ ምስጋና ያዘነብላል። ነፍሰ ጡር፣ አጥቢና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር በራሱ ሥርዓት ማክበድ የለበትም።

ብቻን መጸለይ ግን የሚያደርሰው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። አዲስ ሰፈር ውስጥ ካሉት ችግሮች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ሰው በላዩ ላይ ማን እንደሚኖር ሳያውቅ ዓመት መጨረሱ ነው። ያልተዋወቀ ጎረቤት ሲያዝን ለቅሶ የሚደርስለት የለም፤ ሐዘንን ደግሞ ለብቻ መቀበል እጅግ ከባድ ነው። የሕንፃው ዕድር ካለ ይግቡ፤ ከሌለ ከሁለትና ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆነው ይጀምሩት። ከአቅራቢያዎ ደብር ሰንበቴ ወይም በወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን የሚዘክር ጽዋ ማኅበር አይጠፋም፤ ድንች ቀቅለውም ቢሆን ተራዎን ያውጡ። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለው ይቀመጡ፤ መከራው ለምን እንደመጣ ለማስረዳት አይሞክሩ፤ የኢዮብ ወዳጆች ከእርሱ ጋር በዝምታ የተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ከንግግራቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። የሌላውን ሐዘን አጠገብ ሆኖ መሸከም የለመደ ሰው የራሱ ሲመጣ እንዴት እንደሚያዝ ጥቂትም ቢሆን ያውቃል።

አሁን ደግሞ መቀበል የሌለበትን ነገር እንለይ፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት በደል ይሆንብኛል። የሞተ ወገን፣ ያለፈ ዕድሜ፣ የፈረሰ ቤት፣ የማይድን ሕመም ከብዙ አቤቱታ በኋላ ይቀበሏቸዋል። ባል ሚስቱን መደብደቡ፣ አሠሪ ደመወዝ መከልከሉ፣ በሕግ የሚገባ ካሳ መቅረቱ ግን «ፈቃዱ ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ እነዚህን በጸሎት ተበርትቶ ለሽማግሌ፣ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይገባል። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ሕክምና ሳይዘገይ መፈለግ አለበት፤ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ ሽንቁሩ ሚካኤል ጸበል መሄድ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ መክረው ነበር፤ ምክራቸው ለአእምሮ ሕመምም ያገለግላል።

ማታ በንዋም ጸሎት የጠዋቱን አቤቱታ መልሰው ያንሡት። በቀኑ ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለ ያመስግኑ፤ ካልተለወጠም እንዳልተለወጠ ይናገሩና ለነገ ያስተላልፉት። ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ልጆችም የከበዳቸውን አንድ ነገር እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ሕፃን ልጅ «መምህሯን ፈራኋት» ብሎ በጸሎት መናገር ከለመደ፣ ሲያድግ ቅሬታውን የሚያደርስበት ያጣል ብዬ አልሰጋም።

ሥርዓቱ መቋረጡ አይቀርም፤ የሌሊት ተረኛ የሆነ ሠራተኛ፣ አራስ ያለባት ቤት፣ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ሳምንቱ ሁሉ ሊያልፈው ይችላል። ያመለጠውን ለማካካስ ጸሎት አይደራርቡ፤ ከሚቀጥለው ሰዓት፣ ቀትር ከሆነም ከቀትሩ ይጀምሩ። ንስሐ አባትዎ በቀድሞው ሰፈር ቀርተው ከሆነ ስልክ ይደውሉላቸው፤ መመላለሱ የማይቻል ከሆነም አሰናብተውዎት በአዲሱ ደብር ሌላ አባት ይያዙ፤ የሥራ ሰዓትዎንና የጤንነትዎን ሁኔታ ሳይደብቁ ሲነግሯቸው ለእርስዎ የሚሆነውን መጠን ይወስኑልዎታል።