ውኃ የማይለምን ሳልቪያ፦ ክሊቭላንድ ሴጅን በሎስ አንጀለስ ግቢ ማሳደግ

ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ግቢ ኖሯችሁ የውኃ ሒሳብ በመጣ ቁጥር ለምትሳቀቁ ወገኖቼ አንድ ቁጥቋጦ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ክሊቭላንድ ሴጅ ይባላል። በ2022 በድርቁ ምክንያት ግቢ ማጠጣት በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ብቻ እንዲሆን ሲታዘዝ የጎረቤቶቼ ሣር ቢጫ ሆነ። የእኔ ሴጅ ግን ሰማያዊ አበባውን እንደያዘ ነበር።

ይህ ተክል የደቡብ ካሊፎርኒያና ከድንበር ማዶ ያለው የሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ደረቅ ኮረብታ ተወላጅ ነው። ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከዳማከሴ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የጥብስ ቅጠላችንንም የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሴጅ ወዳለበት፣ ሳልቪያ ወደተባለው ወገን ስላዛወሩት የቅርብ ዘመዱ ሆኗል። ለጋውን ቅርንጫፍ በጣታችሁ ብታሽከረክሩት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃችኋል። አበባው በአንድ ዘንግ ላይ ደረጃ በደረጃ እንደተሰካ ክብ አክሊል ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ ያብባል፤ ንቡም ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሿ ወፍም አይለዩትም።

አገር ቤት ችግኝ የሚተከለው ሰኔና ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲገባ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲሆን በጋው ጠብታ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ትከሉ፤ ስሩ የዝናቡን ወራት ተጠቅሞ ወደ ታች ይወርዳል። በሰኔ የተተከለ ችግኝ ገና ስር ሳይሰድ ሐሩሩ ይደርስበታል።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት፤ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰረገ መሬቱ ይስማማዋል። ካደረ ግን ዋልካ ነውና አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ሥሩለትና እዚያ ላይ ትከሉት። ዋልካ መሬት ላላችሁ ከንጹሕ ዝርያው ይልቅ ፖዞ ብሉ ወይም አለን ቺከሪንግ የተባሉትን ድቅሎች እመርጣለሁ፤ ይበልጥ ቻይ ናቸው። ዊኒፍሬድ ጊልማን የተባለችው ዝርያ ቀለሟ ከሁሉም የደመቀ ነው፤ ውኃ ሲበዛ ግን አትችልም። ችግኙን የአገሬውን ዕፅዋት ከሚያፈሉ ቦታዎች ግዙ፤ ሰን ቫሊ የሚገኘው ቴዎዶር ፔይን ፋውንዴሽን አንዱ ነው።

ፍግም ማዳበሪያም አትጨምሩ። ድሃ አፈር የለመደ ተክል ሲጠግብ ረዝሞ ይወድቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ጠጠር ወይም የእንጨት ስብርባሪ ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ። አንዱ ተክል እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚሰፋ በመካከላቸው ይህንኑ ያህል ርቀት ተዉ።

በመጀመሪያው ዓመት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ጠልቆ እስኪገባ አጠጡና እስኪደርቅ ተዉት። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ በበጋ ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ፣ እሱም ቀኑ ሲበርድ ብቻ ይበቃዋል። የሣር መርጫ የሚደርስበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አትትከሉት።

ይህን ተክል ከጥም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገድለው የሰው ርኅራኄ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ የታችኛው ይረግፋል፣ ተክሉ አመድማ ሆኖ የደረቀ ይመስላል። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ አይታው፣ «ልጄ፣ ይህ ተክል እኮ እየሞተብሽ ነው፤ ምነው አልራራሽለትም?» አለችኝና ባልዲ ልታነሳ ሄደች። እጇን ይዤ ወደ ተክሉ ወሰድኳትና የአንዱን ቅርንጫፍ ልጥ በጥፍሬ ፋቅሁት። ከግራጫው ሥር እርጥብ አረንጓዴ ብቅ አለ። አጎንብሳ ራሷ ሌላውን ፋቀች፤ ጣቷን አሸተተችና ባልዲውን መለሰች።

እናንተም ውኃ ከማንሳታችሁ በፊት ፋቁት። አረንጓዴ ከሆነ አርፏል፣ አትንኩት። በሙቀት ወቅት አፈሩ ሲረጥብ ፋይቶፍቶራ የሚባል ስር አበስባሽ ይስፋፋል፤ ተክሉ ስሩ በስብሶ ይጠወልጋል፤ ያየው ሰው ጠማው ብሎ ይጨምርበታል።

የደረቀውን የአበባ ዘንግ ቶሎ አትቁረጡ፤ ወፎች ዘሩን ይለቅማሉ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ሲሶውን ያህል ግረዙት። መቀሱ ግን ቅጠል ካለበት በታች አይውረድ፤ እርቃኑን የቀረ አሮጌ እንጨት መልሶ አያቆጠቁጥም።